የአዳዳ ብርነሽ ፓውዛ

ደወሉ ሲጮህ ሐሴት እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ጨው ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። ከሥራ ከገባች ገና ልብሷን እንኳ አልቀየረችም፤ የካርጎ መግቢያ ባጇ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። «አዳዳ፣ ተይው፣ እኔ እከፍታለሁ» አለችና እጇን በፎጣ እየጠራረገች ሄዳ በሩን ከፈተችው።

ደረጃው ላይ የቆመው ሰውዬ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ሲያዩት የልጆች አባት የሚመስል ነው። ከላይ እስከ ታች ገረመማት። ቀጥሎ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ሳሎኑን የሞላውን ሰማያዊ ብርሃን አየና ፈገግ አለ።

«ክፍት ናችሁ?»

«ምን?»

«ማሳጅ ነው አይደል? መብራቱን ከታች አይቼ ነው የወጣሁት። ስንት ነው የምታስከፍሉት?»

እንግዲህ ንገሩኝ፤ ለዚህ ምን ዓይነት መልስ ይገኝለታል? ሐሴት ደሟ ከእግሯ ተነስቶ አናቷ ላይ ወጣ። ከኋላዋ አክስቷ ብርነሽ ነጠላዋን እየሰበሰበች መጥታ ቆማለች። የአባቷ እህት ናት፤ እናቷ ስትሞትባት ከነቀምት ወስዳ ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች፣ በአገሯ ልማድ አዳዳ ትላታለች።

«ይሄ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው» አለች ሐሴት። «ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም፤ ውረድ።»

ሰውዬው አልደነገጠም። አሮጊቷን ሲያይ ትንሽ ወደኋላ አለ እንጂ አላፈረም። «መብራቱ ነው ያሳሳተኝ» አለ። «ታዲያ ንጹሕ ቤት እንዲህ ዓይነት መብራት ምን ያደርግለታል?» ብሏት ደረጃውን ቀስ ብሎ፣ ቁልፉን እያሽከረከረ ወረደ። ሐሴት በሩን ስታላትመው ሳሎኑ ገንዳ ውስጥ ያሉት ዓሦች ድንጋይ ሥር ገቡ።

የመብራቱን ነገር አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ ኋላ እናንተም እንደ ሰውዬው እንዳትሳሳቱ።

በዚህ በቦሌ ቡልቡላ አፓርታማ፣ አስፋልቱን በሚያየው የሳሎን መስኮት አጠገብ፣ አንድ የመስታወት አኳሪየም አለ። ውሃውን ሐሴት ራሷ ከተጣራ ውሃና ከባሕር ጨው እየለካች ታዘጋጀዋለች። ውስጡ ትናንሽ ዓሦችና ድንጋዮች አሉ፤ ድንጋዮቹ ላይ ኮራሎች ተተክለዋል። ኮራል ላላየው ሰው ቅርንጫፍ ያወጣ ዛፍ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ገላው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ዕፅዋት ያኖራል፤ ቀለሙም ቀለቡም ከእነሱ ነው። እነሱ ደግሞ ያለ ብርሃን አይኖሩም፤ ብርሃንም ሲባል ያገኙት ሁሉ አይስማማቸውም። ባሕር ውስጥ ጠልቆ የሚደርሰው ሰማያዊው ስለሆነ የለመዱት እሱን ነው።

ከኮራሎቹ ሁሉ አንዷ የተለየች ነች። ሐሴት በቃ አረንጓዴዋ ነው የምትላት። ጂቡቲ ቢሮ የሚሠራ ባልደረባዋ ከራሱ አኳሪየም የሌባ ጣት የምታክል ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በውሃ ከረጢት አድርጎ የሰጣት ናት። የሐሴት ሕይወት እንደምታውቁት ዓይነት ነው። የዘመድ ልጅ አስተምራለች፣ የሰው ሠርግ ላይ ሮጣለች፣ የታመመ አስታማለች፣ የመዘምራን ልብስ አሰፍታለች። «ሐሴት፣ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ያላት ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ራሷን ጠይቃ ለራሷ መለሰች፤ መልሱ ይህ ውሃ ነው። አረንጓዴዋ በእሷ እጅ አድጋ የሰው መዳፍ አክላለች። የእኔ ብላ የምትቆጥረው አንድ ነገር ቢኖር እሷ ናት።

ታዲያ እዚህ እስክትደርስ ሁለት መብራት ነው ያለፈባት። መጀመሪያ አትላስ አካባቢ ካለ የዓሣ ዕቃ ሱቅ ገዛች። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው እህቴ፣ ለኮራል ብቻ የተሠራ» ብሎ ማለላት። ቤት ወስዳ ብትሰቅለው አንዴ ቀይ፣ አንዴ ወይን ጠጅ፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል እንጂ ጉልበት የለውም። ኮራሎቹ ከቀን ወደ ቀን እየጠወለጉ ሄዱ። መልሳ ብትወስድለት «የሸጥነውን አንመልስም» አላት፤ እሷም ጠረጴዛው ላይ ጥላለት «ለዲጄ ሽጠው» ብላው ወጣች። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ምን ትሉታላችሁ? መሐላ እንደ ማስቲካ የሚያኝክ።

ከዚያ ወዲህ ገዝታ መታለል በቃኝ ብላ ራሷ ሠራችው። ሰማያዊና ቫዮሌቱ የሚበዛ፣ ነጩ ጥቂት የሆነ የኤልኢዲ ፍሬ በመንገደኛ አስመጣች። ከሰፈሩ የበርና መስኮት ሠሪ ዘንድ ሄዳ ክንፍ ያለው አሉሚኒየም አስቆረጠች፤ ፍሬዎቹ ሲግሉ ሙቀቱን እንዲጠጣላቸው ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ማራገቢያ ከላዩ አሰረችበት። ሽቦውን ሶልደር ስታደርግ አውራ ጣቷን አቃጥላ፣ አዳዳ ብርነሽ ማር ቀብታላታለች። በየሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰዓት ቆጣሪ፣ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍም አበጀችለት፤ ምክንያቱም ኮራል ድንገተኛ ነገር አይወድም። አዲስ መብራት ሲሰቀልለት ከዝቅተኛው ተጀምሮ በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚጨመርለት። ቸኩሎ ያበራበት ሰው ይገድለዋል።

ያበራችው ማታ አረንጓዴዋ ከውስጧ የበራች ያህል ፈካች። አዳዳ ብርነሽ ወንበር ስባ ፊት ለፊት ተቀመጠችና አየቻት። «ጌታ ማንም የማያየው ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል» አለች። ሐሴት ያን ማታ ደስ ብሏት አምሽታለች።

እናም ይህ ነው እንግዲህ የማሳጅ ቤት የተባለው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ወሬው ግቢውን ዞሮ፣ ሊፍት ወጥቶ ወርዶ፣ ሐሴት ጋ የደረሰው ከሁሉ በኋላ ነው። የነገረቻት ከሥር ፎቅ ሚኒማርኬት ያላት አስመረት ናት፤ ነገር ማለባበስ የማታውቅ የመቀሌ ልጅ።

«ሐሴትዬ፣ እኔ ካልነገርኩሽ ማንም አይነግርሽም» አለቻት ወተት እየሰጠቻት። «ያንን ሰማያዊ መብራትሽን ሺሻ ቤት ነው፣ ማሳጅ ቤት ነው ይሉታል። የግቢው ነዋሪዎች ኮሚቴም ስምሽን አንስቷል። እኔ ዓሣ ነው ብዬ ተከራክሬያለሁ። ‹ዓሣ ምን መብራት ያስፈልገዋል፣ መጽሐፍ ያነባል ወይ?› አሉኝ።»

«መጥተው ለምን አያዩም?»

«አይተው ዓሣ ከሆነባቸው ምን ሊያወሩ?»

ሐሴት ተናዳ ወፍራም መጋረጃ ገዝታ ሰቀለች። ይባስ ብሎ ሰማያዊው በመጋረጃው ጠርዝ ዙሪያ እንደ ክር እያበራ ታየ፤ ሰፈሩም «ነቃንባቸውና መደበቅ ጀመሩ» አለ። በዚያ ላይ ክፍሉ ታፍኖ ውሃው ሞቀ። መጋረጃውን ቀዳድዳ ጣለችው። «የፈለጉትን ይበሉ» አለች። ጥርሷን ነክሳ ነው ያለችው እንጂ፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን ማየት ሲጀምር ያቃጥላታል።

ያላወቀችው ነገር ግን አዳዳ ብርነሽን የነካት ነው። በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የአጥቢያዋ እኅቶች እዚህ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበው የሚጸልዩበት የቤት ኅብረት ነበር። አንዷ «ባለቤቴ እዚያ ቤት አትግቢ ብሎኛል» አለች። ሌላዋ ታመምኩ አለች። ቀስ በቀስ ኅብረቱ ወደ ሌላ ሰው ቤት ዞረ፤ እዚያም ሄዳ ስትቀመጥ ጨዋታ ይቋረጣል። አዳዳ ይህን ለሐሴት አልነገረቻትም። ረቡዕ ሲመጣ ለብሳ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ፣ ሶፋው ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። ሐሴት ሥራ ነች፤ በምን ታያለች?

ከዚህ መሃል ሐሴት ለሥልጠና ወደ ናይሮቢ ተላከች። ሳምንት የማይሞላ ነው። ዓሦቹን እንዴት እንደምታበላ፣ ውሃው ሲጎድል እስከ የት እንደምትሞላ ለአክስቷ አሳየቻት። «መብራቱን አትንኪው፣ በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል» አለቻት። አዳዳም «እሺ ልጄ» አለች። ስትል ከልቧ ነበር ብዬ ነው የማምነው።

የመመለሻዋ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ታክሲው ከአውሮፕላን ማረፊያው አምጥቶ አስፋልቱ ዳር ሲያወርዳት፣ ሐሴት እንደ ልማዷ ቀና ብላ መስኮቷን አየች። መስኮቱ ነጭ ነው። ማታ ማታ የሕንፃ ግንባታ ላይ የሚበራው ዓይነት፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ። ሻንጣዋን እየጎተተች ሊፍቱን ሳትጠብቅ በደረጃ ሮጠች።

አዳዳ ብርነሽ በሩን ከፍታ ጠበቀቻት። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች፤ ፊቷ በርቷል። ጠረጴዛው ላይ የእንግዳ ብርጭቆ ተደርድሯል።

«ነይ፣ ነይ እዪ፤ ጌታ ያደረገውን» አለች። «እኅቶች ተመልሰው መጡ። ሁሉም፣ አንዳቸውም አልቀሩ። ያንን መብራት በግቢው ኤሌክትሪሻን አስፈትቼ ይህን ነጩን አስገባሁበት። ኮሚቴው እንኳ ደስ አለው። እኛም እጃችንን ዘርግተን ጸለይንበት፤ ቤቱንም፣ ገንዳውንም፣ በአንቺም ላይ የተወራውን። ከዚያ ምን ሆነ ብትዪ፣ አረንጓዴዋ እየነጣች መጣች። ያ ሁሉ ላይዋ ላይ የነበረው ቀለም ወረደላት፤ ጸዳች። ዛሬ ጠዋት እንደ ጥጥ ነጭ ሆና አገኘናት፣ እልል አልን።»

ሐሴት አልሰማቻትም ማለት ይቻላል። ከውሃው በላይ ስንዝር በማትሞላ ከፍታ፣ የመንገድ ሠራተኛ የሚጠቀምበት ትልቅ ፓውዛ በሽቦ ታስሯል። ከሥሩ አረንጓዴዋ ቆማለች። ከእግር እስከ ጫፍ ነጭ ናት። ነጩ ላይ ፓውዛው ሲያርፍበት አጥንት መሆኑ ይታያል።

ሶኬቱን ነቀለችው። ሳሎኑ ጨለም አለ።

«ይህን ስንት ሰዓት ነው የምታበሪው?»

«ከጠዋት እስከ ማታ። ሰው እንዲያይ ብዬ።» አዳዳ ድምፅዋ ወረደ። «ምነው?»

«አልጸዳችም» አለች ሐሴት። እየጮኸች አልነበረም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ቀለሟ እኮ ቆሻሻ አይደለም። ገላዋ ውስጥ የሚያበላት ነበር። መብራቱ ሲያቃጥለው ሁሉም ጥሏት ወጣ። አሁን የምታዪው አጥንቷን ነው። እየተራበች ነው እልል ያላችሁት።»

አዳዳ ብርነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ሞታለች?»

«ገና አልሞተችም። ነገ ከነገ ወዲያ ትሞታለች።» አሁን ጮኸች። «አትንኪው አልኩሽ! አንድ ነገር ነው የለመንኩሽ። አንድ። ይህን ሁሉ ዓመት ከእናንተ ከዘመዶቼ ምን ጠይቄ አውቃለሁ? አንድ መብራት አትንኩብኝ አልኩ።»

«ልጄ...»

«ሰውዬው በራችንን ደውሎ ዋጋ ሲጠይቅ ጥፋተኛው መብራቱ ሆነ። ኮሚቴው ስሜን ሲያነሳ ጥፋተኛው መብራቱ ሆነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አንዳቸው ጫማቸውን አውልቀው ገብተው ‹ሐሴት፣ ይህ ምንድን ነው?› ብለውኛል? አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ፊት ለፊቷ ተቀምጠሽ ያየሻት አንቺ ነሽ። ለሚያውቁት ሳይሆን ለማያውቁት ብለሽ አቃጠልሽብኝ።»

አዳዳ ብርነሽ በቀስታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ግን እሷም የዋዛ ሴት አይደለችም፤ ዓይኗ እንባ ይዞ ድምፅዋ ጠንክሮ ወጣ።

«ይሁን፣ ተቆጪኝ። ጥፋት አጥፍቻለሁ። ግን አንቺ ለእሷ ይህን ያህል ከነደድሽ እኔ ለአንቺ ምን ልሁን? ጠዋት ትወጫለሽ፣ ማታ ትገቢያለሽ። ቀኑን ሙሉ ይህ ግቢ ውስጥ የምውለው እኔ ነኝ። ስምሽን ደረጃ ላይ ሲያነሱት የምሰማው እኔ ነኝ። በእጄ ያሳደግኳትን ልጅ እንዲህ ሲሏት ሰምቼ፣ ቤት ገብቼ ብቻዬን አለቅሳለሁ። አንድ ቀን ‹አዳዳ፣ ረቡዕ ለምን ሰው አይመጣም?› ብለሽኛል?»

ይህ የሐሴትን ንዴት አባባሰው እንጂ አላበረደውም። ፓውዛውን ከሽቦው ፈልቅቃ ሽንት ቤት መታጠቢያ ውስጥ ወረወረችው። ከዚያ በረንዳ ወጣች፤ የራሷ መብራት እዚያ መሆን አለበት። እውነትም ጥግ ላይ አገኘችው፣ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ አቧራ እንዳይነካው ፕላስቲክ ለብሶ። አዳዳ እንደ ሕፃን ጠቅልላ ነው ያስቀመጠችው። ሐሴት ይህን ስታይ ማልቀስ አማራት፤ ግን ተናዳ ስለነበር አላለቀሰችም።

መልሳ ሰቀለችው። ቁልፉን ወደ መጨረሻው ዝቅታ አዞረችና አበራችው። ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ውሃው ላይ ወረደ። እንዲህ ያለ ነገር የሚድን ከሆነ የሚድነው በዚህ ነው፤ በለመደው ሰማያዊ፣ በዝቅተኛው፣ ሳይቋረጥ፣ በየዕለቱ። እጅጌዋን ሰብስባ አረንጓዴዋን ከድንጋይዋ አላቀቀችና ወደ ገንዳው ሥር፣ ጥላ ወዳለበት አወረደቻት።

ብዙም አልቆየ፣ ደወሉ ጮኸ።

«ከታች አይተውት ነው» አለች ሐሴት። «መጡ እንግዲህ።» እጇ ውሃ ውስጥ ነው። አዳዳ ብርነሽ ዓይኗን ጠራርጋ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

በሩ ላይ የቆሙት የኮሚቴው ሊቀመንበር ወይዘሮ እንቁ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት። ከኋላቸው ሁለት የኮሚቴ አባላት ቆመዋል፤ አንዷ ወጣት ሴት፣ አንዱ ወንድ።

«ደህና አመሻችሁ ወይዘሮ ብርነሽ» አሉ። «መብራቱ ተስተካከለ ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ተመልሷል። ነገሩን በሰላም እንጨርሰው ብለን ነው የመጣነው። ይሄ ጸሐፊያችን ነው፣ ከወዲያኛው ብሎክ፤ ቅሬታውን ያመጣውም እሱ ነው። አቶ ገሰሰ ይባላል።»

አቶ ገሰሰ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፣ ጫማው የተወለወለ። ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክር ነበር፤ አሮጊቷን ሲያይ ማሽከርከሩን ተወ። ነገር ግን ደፋር ነው። አያስታውሱኝም ብሎ ይሁን ወይ አይናገሩም ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ።

«እኛ በማንም የግል ሕይወት አንገባም» አለ። «ግን ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ነው። ወንዶች ወደዚህ ቤት ሲገቡ ሲወጡ ታይቷል። ልጆች አሉን።»

ድምፁን ስትሰማ ሐሴት ዘወር አለች። አወቀችው። ከእጇ ውሃ እያንጠባጠበ ወደ በሩ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ምን ልትለው እንደነበር እሷም አታውቅ፤ ብቻ ጥሩ ነገር አልነበረም። አዳዳ ብርነሽ ሳትዞር እጇን ወደኋላ ዘርግታ ክንዷን ያዘቻት። አያያዟ ጠንካራ ነበር።

«ግቡ» አለች ለእንግዶቹ። «ደጅ ላይ አይወራም። ግባ አቶ ገሰሰ፣ ግባ፤ ዛሬ ክፍት ነን።»

ገቡ። አዳዳ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። ወይዘሮ እንቁ ወንበር ሲፈልጉ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻቸው። «በእኛ ቤት ሳይጸለይ ጉዳይ አይጀመርም። ልማዳችን ነው።»

ወይዘሮ እንቁ የማርያም ማኅበር ያላቸው ሴት ናቸው፤ ቢሆንም የሰው ቤት ልማድ አክባሪ ናቸውና ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። ወጣቷም ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ገሰሰ ምን ያድርግ? ሰው ሁሉ ቆሟል። እሱም አቀረቀረ።

አዳዳ ብርነሽ እጇን ዘረጋች።

«አባት ሆይ፣ ይህን ቤት ታውቀዋለህ» አለች፤ ረጋ ባለ፣ በጠራ ድምፅ። «ይህችን ልጅ ከእናቷ ቀብር ማግስት በእጄ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ላቧን ታውቃለህ፣ መውጫ መግቢያዋን ታውቃለህ። እንግዶቻችንን ባርክ። እኅታችንን እንቁን ባርክ፤ ለሰው የምትደክመውን ድካም ቁጠርላት። ወንድማችንን ገሰሰንም አትርሳው ጌታ ሆይ። ያን ማታ ይህን ደወል ደውሎ፣ ልጄን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ ክፍት ናችሁ ወይ፣ ስንት ነው የምታስከፍሉት ሲላት አንተም ሰምተሃል፤ እኔም ከኋላዋ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ሐሴት ዓይኗን ገለጠች። አቶ ገሰሰም ገልጧል። በሩን ያያል፤ በሩ ላይ ግን አዳዳ ብርነሽ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ጸሎት ተቋርጦ አይወጣም፤ ይህን እሱም ያውቃል።

«ወንዶች ሲገቡ ታይቷል ብሏል» ቀጠለች አዳዳ። «እውነቱን ነው ጌታ ሆይ፤ አንድ ወንድ መጥቷል። የመጣውም እሱ ራሱ ነው። ቤት የምትጠብቀውን ሚስቱን አጽናናልን። ልጆች አሉን ብሏል፤ ልጆቹን ጠብቅለት፤ የአባታቸውን እግር አቅናላቸው። ይቅርም በለው፤ እኔ ገና አልቻልኩም፣ አንተ ትችላለህ።»

ወይዘሮ እንቁ በጸሎት መሃል እንደመሆናቸው አንገታቸውን አላቀኑም። ጆሮአቸው ግን ቀላ።

«እኔንም ይቅር በለኝ» አለች አዳዳ ብርነሽ፤ እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «የሰው አፍ ፈርቼ የልጄን አደራ የበላሁ እኔ ነኝ። ያሳየኸኝን ውበት በእጄ አቃጥዬ፣ ስትራብ እያየሁ በስምህ እልል ያልኩ እኔ ነኝ። የማላውቀውን አወቅሁ ብዬ ስምህን ጠራሁበት። ይህን እኅቶቼ ፊት ረቡዕ እናገራለሁ። አሁን ግን ይህችን ነጭ የሆነችውን እያት። ፍጥረትህ ናት። ቀለሟን መልስላት። በኢየሱስ ስም።»

«አሜን» አሉ ወይዘሮ እንቁ፣ ከወትሮው ጮክ ብለው። ቀና ብለው ጸሐፊያቸውን አዩት። «ገሰሰ?»

«መብራቱ ነው ያሳሳተኝ» አለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ወጣቷ የኮሚቴ አባል ወደ መሬት አየች። ወይዘሮ እንቁ ሌላ አልጠየቁትም። ከበሩ ፈቀቅ በይለት በሚል ዓይን አዳዳን አዩአት፤ ፈቀቅ አለችለት። አቶ ገሰሰ ወጣ። ቁልፉን ሲያሽከረክር አልተሰማም።

ወይዘሮ እንቁ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ገንዳው ቀረቡ። መነጽራቸውን አድርገው አጎንብሰው ለረጅም ጊዜ አዩ። አንዲት ትንሽ ዓሣ ከድንጋይ ሥር ወጥታ መስታወቱ ጋ መጣች።

«ይሄ ነው?» አሉ። «ይሄን ነው ማሳጅ ቤት ያልነው?» ከዚያ ወደ ሐሴት ዞረው «ልጄ፣ ነውር ሠርተንብሻል» አሉ። ሐሴት «አዎ፣ ሠርታችሁብኛል» አለች። ምንም አይደለም አላለችም። ሲወጡ ወጣቷ ብርጭቆዎቹን ወደ ጓዳ ልትወስድ ብድግ ብታደርግ አዳዳ ተይው አለቻት።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ሐሴት ወደ ውሃዋ ተመለሰች። አክስቷን አላቀፈቻትም፤ አመሰግናለሁም አላለችም። ያ ጸሎት ደስ አላለኝም ብትል ውሸት ነው፤ ግን አረንጓዴዋ ነጭ ናት፣ ያቃጠለቻትም ይህች የምትወዳት ሴት ናት። ሁለቱም እውነት ሆነው አንድ ደረት አልበቃቸው አለ።

«ትድናለች?» አለች አዳዳ ከሶፋው።

«አላውቅም።»

«አሁንም ተቆጥተሻል?»

«አዎ። በጣም።»

አዳዳ ብርነሽ ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ ወንበሯን ከሳሎኑ መሃል አንስታ ወሰደችና በሩ ሥር አስቀመጠችው። ተቀመጠችበት፤ ነጠላዋን እግሯ ላይ አለበሰች።

«ደግ አደረግሽ፣ ተቆጪ» አለች። «እስክትድን ድረስ ተቆጪኝ፤ ካልዳነችም ተቆጪኝ። መብራቱን ግን የሚነካው ሰው የለም፤ ደወል የሚደውልም ቢመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።»